በጳጉሜ ከልጆች ጋር በቤት የምንሠራቸው የእንቁጣጣሽ ጌጦች፣ ስዕሎችና ጨዋታዎች

የአደይ እናት (ገርጂ)፣ ነሐሴ 18

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ወላጆች። ሁለተኛዋ ልጄ የተወለደችው ጳጉሜ 3 ቀን ስለሆነ ልደቷና እንቁጣጣሽ ተከታትለው ይመጣሉ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ መደገስ ደግሞ አቅምም ጉልበትም አይፈቅድም። ስለዚህ ዘንድሮ ሁለቱን አንድ ላይ አድርገን፣ ቤታችንን በአደይ አበባ አስጊጠን፣ የጎረቤትና የዘመድ ልጆችን ጠርተን ለማክበር ወስነናል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ግቢ የለንም፤ የሚመጡት ልጆች ከአራት እስከ አሥር ዓመት ያሉ ናቸው።

ሐሳባችሁን ከመጠየቄ በፊት የራሴን አቋም ልግለጽ። በየልደቱ የማየው ጌጥ ሁሉ ተገዝቶ የሚመጣ ነው፤ ፊኛውንም፣ የግድግዳውን ጽሑፍም፣ በኬኩ ላይ የሚሰካውን የካርቱን ምስልም ባለልደቱ ልጅ በእጁ አልነካውም። አምሮበት ይቀመጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ነገር ስለሌለው ይነጫነጫል። ለልጆች የበዓሉ ትልቁ ክፍል ዝግጅቱ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛም በልጅነታችን ጳጉሜን በጉጉት የምንጠብቃት ስዕል የምንሥልባት፣ አበባየሆሽ የምንለማመድባት፣ በሩፋኤል ዕለት ዝናብ ከጣለ ወጥተን የምንታጠብባት ስለነበረች ነው። እነዚህ ቀናት ትምህርት ቤት የሌለባቸው፣ ዝናቡም ገና ያልለቀቀባቸው በመሆናቸው ለእጅ ሥራ የተመቹ ናቸው።

አበባውን የምንሠራው እንዲህ ነው። አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ቢጫ ወረቀት ወስደን ለሁለት እናጥፋለን፤ እንደገና ለሁለት እናጥፋለን፤ በመጨረሻም የወረቀቱ መሀል የነበረችውን ማዕዘን በጣታችን ይዘን በሰያፍ እናጥፈውና ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ወረቀቱ አሁን ስምንት ድርብ ሆኗል። ሰፊውን ጫፍ በመቀስ አዙረን ስንቆርጠውና ስንዘረጋው ስምንት ቅጠል ያላት አበባ ትወጣለች፤ ልጆቹ ወረቀቱን የሚዘረጉባትን ቅጽበት በጣም ይወዷታል። መሀሏ ላይ ሙጫ ቀብተን ምስር ክክ እንበትንባታለን፤ የክኩ ቀለም ከአበባዋ እምብርት ጋር ይቀራረባል። ብዙ አበባ ከተሠራ በኋላ በክር አያይዘን ከመጋረጃው ዘንግ ጀምሮ እስከ በሩ ድረስ እንሰቅለዋለን።

ለጨዋታ ደግሞ ከእንቁላል ካርቶን ገበጣ ለመሥራት አስበናል። 30 እንቁላል የሚይዘው ካርቶን አምስት ረድፍ በስድስት ስለሆነ፣ ሦስቱን ረድፍ ቆርጠን ባለ 18 ጉድጓድ፣ የቀሩትን ሁለት ረድፎች ደግሞ ባለ 12 ጉድጓድ ገበጣ እናደርጋቸዋለን። አንድ ካርቶን ለአራት ልጆች ይበቃል ማለት ነው፤ ለፍሬው ባቄላ ወይም ሽምብራ ይሆናል።

ያልመለስኳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ መቀስ መያዝ የማይችሉትን ትንንሾች ምን ላሠራቸው? በቤት ውስጥ ችቦ ማብራት ስለማይቻል በምን ልተካው? የስዕል መስጠቱን ልማድስ ገንዘብ መሰብሰቢያ ሳይሆን እንዴት ላስተምራቸው?

የኬጂ መምህርት፣ ነሐሴ 18

እህቴ፣ ዕቅድሽ በጣም ደስ ይላል። ከሥራዬ የማውቀውን ላካፍል።

የአራት ዓመት ልጅ መቀስ ቢይዝም ቶሎ ይሰለቻል፤ ወረቀት መቅደድ ግን አይሰለቸውም። ስለዚህ ለትንንሾቹ ቢጫና አረንጓዴ ወረቀት በእጃቸው እየቀደዱ፣ አንቺ በትልቅ ካርቶን ላይ በሣልሽላቸው አበባ ውስጥ እንዲለጥፉ አድርጊ። ትልቁ ካርቶን የጋራቸው ስለሚሆን የማን ስዕል አማረ የሚል ክርክር አይነሣም፤ ሲያልቅም ከባለልደቷ ወንበር ጀርባ ይሰቀላል።

ሁለተኛው የጨው ሊጥ ነው። ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ያህል ውሃ፤ ውሃውን በአንድ ጊዜ አታፍሺው፣ ሊጡ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ ጥቂት በጥቂት እየጨመርሽ እሺው። ቢጫ እንዲሆን ከዱቄቱ ጋር አንድ ማንኪያ እርድ ቀላቅዪበት። ልጆቹ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ እያደረጉ ይቆርጡታል፣ በሹካ ጫፍ ያስጌጡታል፣ መስቀያ እንዲኖረው በእስክርቢቶ ክዳን ይበሱታል። በክረምት ቶሎ ስለማይደርቅ ምድጃ ካለሽ በዝቅተኛ ሙቀት፣ 100 ዲግሪ አካባቢ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት አቆዪው። ከሌለሽም ከበዓሉ ሳምንት ቀድማችሁ ሠርታችሁ መስኮት አጠገብ አስቀምጡት፣ በየቀኑም አገላብጡት። ጨው የበዛበት ስለሆነ የሚበላ አለመሆኑን አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ስለ ምስር ክኩ ግን አንድ ነገር ልበል። ሕፃናት ጥቃቅን ፍሬ አፍንጫቸውና ጆሯቸው ውስጥ ይከታሉ፤ ባቄላና ሽምብራውም እንዲሁ ነው። ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ታናሽ ወንድም ወይም እህት አብሮ ከመጣ ፍሬ ያለበትን ሥራ ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው፤ አንድ ትልቅ ሰውም ከዚያ አይራቅ። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም ወዲያው ይነሣ። የእንቁላሉን ካርቶን በተመለከተ ዕድፍ ወይም የተሰበረ እንቁላል የነካውን አትውሰጂ፤ ወረቀት ስለሆነ አይታጠብምና ንጹሑን መርጠሽ ፀሐይ ሲወጣ አስጪው፣ ልጆቹም ከሠሩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ስለ ቅደም ተከተሉም ላንሣ፤ የእጅ ሥራው ከኬኩ በፊት ይሁን። ኬክ ከተቆረጠ በኋላ ልጅ ተቀምጦ ወረቀት አይቆርጥም፤ ያን ጊዜ የሚፈልገው መሮጥ ነው፣ በአራተኛ ፎቅ ደግሞ መሮጫ የለም። ከኬኩ በኋላ እንቆቅልሽ ብታደርጊላቸው ይሻላል። «ምን አውቅልህ» የሚለው መልስ ብቻውን ያስቃቸዋል፤ መልሱ ያቃተው ሀገር ሲሰጥ ደግሞ ማን የትኛውን ከተማ እንደሚያውቅ ይታያል።

ሠዓሊ አባት (ፒያሳ)፣ ነሐሴ 19

እኔ ስለ ስዕሉ ብቻ እናገራለሁ፤ ጉዳዩ ልቤን ይነካዋልና።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት ልጆች በየቤቱ እየዞሩ የሚሰጡት ስዕል በሀገራችን አንድ ተራ ልጅ የሥራውን ውጤት ለማኅበረሰቡ የሚያቀርብበት የዓመቱ ዋና አጋጣሚ ነው። አበባ፣ ፀሐይ፣ ወፍ፣ መልአክ ይሥላል፤ ከሥሩ የመልካም ምኞት ቃል ይጽፋል፤ በር ያንኳኳል፤ ስዕሉን ተቀብሎ የሚያይለት ሰው ያገኛል። አሁን ግን በብዙ ሰፈር የሚዞረው በፎቶ ኮፒ የተባዛ አንድ ዓይነት መስመር ሆኗል፤ ልጁ የሚያደርገው በከለር መሙላት ብቻ ነው፣ አንዳንዴ እሱንም አያደርግም። የእኔ ምክር አጭር ነው፤ ቢያንስ አንዷን ስዕል ልጁ ከባዶ ወረቀት ይጀምራት።

ቀለም ውድ ነው የሚል ሰው ካለ ወጥ ቤቱ በቂ ነው። እርድ ቢጫ ይሰጣል፣ ቀይ ስር ተልጦና ተፈጭቶ ሲጨመቅ ሐምራዊ ቀይ ይሰጣል፣ ወፍራም ቡና ለግንድና ለአፈር ይሆናል፣ የከሰል ስባሪ ለመስመር ይሆናል። ቀይ ስርና እርድ ፀሐይ ሲያገኛቸው ይደበዝዛሉ፤ ነገር ግን ይህ ስዕል ለአንድ ጠዋት የሚሰጥ ስለሆነ አያሳስብም።

ልጆችን በእጅጉ የሚያስደንቅ አንድ ሥራ አለ። ወረቀቱን ወፍራም በሆነ የእርድ ውሃ ሙሉ በሙሉ ቀብታችሁ አድርቁት። ከዚያ የልብስ ሳሙና በጥቂት ውሃ አሟሙታችሁ፣ ብሩሽ ወይም በእንጨት ጫፍ ላይ የተጠቀለለ ጥጥ ውስጡ እየነከሩ በቢጫው ወረቀት ላይ ይሣሉበት። ሳሙናው የነካው ቦታ ሁሉ በዓይናቸው ፊት ወደ ሸክላ ቀይ ይለወጣል። ያን ቀይ ቦታ ደግሞ በሎሚ ጭማቂ ሲነኩት ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። እርድ ሳሙናን ከመሰለ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ጋር ሲገናኝ ቀለሙን ይቀይራል፣ እንደ ሎሚ ያለ አሲድ ሲነካው ደግሞ ይመለሳል፤ ከፍ ላለው ልጅ ምክንያቱን ንገሩት። የሳሙናው ውሃ ዓይን እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ እርድ ልብስ ላይ ስለሚቀርም አሮጌ ልብስ አልብሷቸው።

ስለ ገንዘቡ የምለው ከብዙዎች ይለይ ይሆናል። ለስዕል ሳንቲም መስጠት ነውር አይደለም፤ ልጁ የሠራውን ሥራ ዋጋ መስጠት ነው። ነውሩ ስዕሉን ሳያዩ ገንዘቡን መስጠት ነው። ተቀባዩ ስዕሉን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ይህች ወፍ የት ልትሄድ ነው?» ብሎ ከጠየቀ ልጁ የሚያስታውሰው ጥያቄውን ይሆናል።

እናት ከጀሞ፣ ነሐሴ 19

ከሠዓሊው ወንድሜ ጋር በሙሉ አልስማማም። ልጄ ባዶ ወረቀት ሲሰጠው ያለቅሳል፤ መስመር የወጣለት ሲሰጠው ግን ተረጋግቶ ተቀምጦ ይሠራል። ሁላችንም እስከ ማታ የምንሠራ ወላጆች ነን፤ ፎቶ ኮፒውን የሚገዛ ሁሉ ስለ ልጁ የማይገደው ተደርጎ ባይታይ እመርጣለሁ።

ሌላው፣ እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ዘመን መለወጫ የሁላችንም ስለሆነ ልጆቼ ከጎረቤት ልጆች ጋር በየዓመቱ ያከብራሉ። ስለዚህ የቤቱ እናት አበባውን፣ ፀሐይዋንና ወፏን የጋራ አድርጋ፣ መልአክ መሣል የሚፈልግ በፍላጎቱ እንዲሥል ብትተወው ሁሉም ልጅ ሳይጨነቅ ይሳተፋል። ለዝግጅቱ ግን ከልብ አመሰግናለሁ፤ የኔን ሁለቱን ለመላክ ጓጉቻለሁ።

ሠዓሊ አባት (ፒያሳ)፣ ነሐሴ 19

እህቴ፣ ትክክል ነሽ፤ አነጋገሬ የደከሙትን ወላጆች የሚወቅስ ከመሰለ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ባዶ ወረቀት ለሚያስፈራው ልጅ መካከለኛ መንገድ አለ። የራሱን መዳፍ ወረቀቱ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእርሳስ ይክበበው፤ ጣቶቹ የአበባ ቅጠል፣ የእጅ አንጓው ግንድ ይሆናሉ። መስመሩ የወጣለት ነው፣ ነገር ግን ከማንም ልጅ መስመር ጋር አይመሳሰልም። ትንሽ ወረፋ ይዞ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ድንች ለሁለት ተቆርጦ በፊቱ ላይ የአበባ ቅርጽ ይቀረጽበትና እንደ ማኅተም ቀለም እየነካ ያትም፤ መቅረጹን ግን በቢላ ስለሚሠራ ትልቅ ሰው ያድርገው።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት (ሜሪላንድ)፣ ነሐሴ 20

ከዚህ ሆኜ ሳነብ ደስ ብሎኛል። እኛ ጋ ትምህርት የሚጀመረው ከእንቁጣጣሽ በፊት ስለሆነ መስከረም 1 የሥራ ቀን ላይ ሲውል ድግሱን ወደ ቅዳሜ እናዞረዋለን። ለልጆቼ ከባዱ ነገር በዓሉ ለምን በዚያን ቀን እንደሆነ መረዳት ነበር፤ ክፍላቸው ውስጥ የሚያውቀው ሰው የለምና። ስለዚህ በየዓመቱ የምንጀምረው የ13 ወር ቀን መቁጠሪያ በመሥራት ነው።

ትልቅ ክብ ካርቶን ቆርጠን ለጳጉሜ አንዲት ቀጭን ክፍል እንተዋለን፤ የቀረውን በ12 እኩል ክፍል እንከፍለዋለን። እያንዳንዱን ሰፊ ክፍል 30 ቀን፣ ቀጭኗን 5 ቀን ብለን እንጽፋለን፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ 6 ስለምትሆን ስድስተኛዋን ቀን በምትነሣ ትንሽ ወረቀት እንለጥፋታለን። ዘንድሮ የምትለጠፍ መሆኗንና አለመሆኗን ልጆቹ ራሳቸው ያሰላሉ፤ 2015 ጳጉሜ 6 የነበራት ዓመት ናት፣ ቀጣዩዋ 2019 ናት። መሀል ላይ ቀስት በአውራ ጣት ሚስማር እንሰካለን። ልጄ ክፍል ውስጥ ይዛው ሄዳ ስታብራራ መምህሯ ግድግዳ ላይ ሰቀሉላት። ጳጉሜ 6 በገባች ጊዜ እንቁጣጣሽ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ላይ የሚውልበትን ምክንያትም በዚህ ቀን መቁጠሪያ በቀላሉ ያዩታል።

አደይ አበባ እዚህ ስለማይገኝ የምንጠቀመው በነሐሴና በመስከረም በየአጥሩ የሚያብበውን ብላክ አይድ ሱዛን የሚባለውን ቢጫ አበባ ነው፤ የሜሪላንድ ግዛት አበባም እሱ ነው። መሀሉ ጥቁር መሆኑ ይለየዋል እንጂ ከሩቅ ሲያዩት በጣም ይመስላል። ልጆቹ ሁለቱን ጎን ለጎን ሥለው፣ «ይህ የእናቴ ሀገር፣ ይህ የኔ ሀገር» ብለው ጽፈውበታል። አበባየሆሽም ሴት ወንድ ሳንል ሁሉም አብረው ይላሉ፤ ልጆቹ ጥቂት ስለሆኑ ለሁለት ከተከፈሉ ተቀባይ ይጠፋል።

ከደብረ ብርሃን አያት፣ ነሐሴ 21

ልጆቼ፣ ስለ ችቦው የተጠየቀውን ልመልስ። ችቦ ማለት የደረቀ ቀጭን እንጨት ተሰብስቦ፣ በየስንዝሩ በልጥ ወይም በገመድ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ነው። ለልጅ ደስታው እሳቱ ብቻ አይደለም፤ እንጨቱን መልቀሙና ማሰሩ ራሱ ትልቅ ሥራ ነበር። ስለዚህ ማሰሩን አትከልክሏቸው። ቀጭን ቀጭን እንጨት ወይም የተጠቀለለ ጋዜጣ ስጧቸውና በሦስት ቦታ ራሳቸው ይሰሩት፤ ቋጠሮውን አባታቸው ያሳያቸው። ጫፉ ላይ እሳት የሚመስል ቀይና ቢጫ ወረቀት ይቅደዱበት፣ ውስጡ ትንሽ የባትሪ መብራት ይደረግ። መብራት አጥፍታችሁ ልጆቹ በዕድሜ ከትልቁ እስከ ትንሹ ተሰልፈው ቤቱን ይዙሩ። እውነተኛውን ችቦ የጊቢው ትልልቅ ሰዎች በዋዜማው ውጭ ሲያበሩ ልጆቹ ራቅ ብለው ያዩታል።

ክረምት ነውና ጭቃም አለ። እኛ ከወንዝ ዳር በምናመጣው ሸክላ አፈር በሬና ላም እንሠራ ነበር፤ ቀንዱ እንዳይወድቅ ስንጥር ውስጡ ይደረግበታል፣ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ከወጣ ይሰነጠቃል። ፎቅ ላይ ላላችሁት የመምህርቷ ሊጥ በዚህ ቦታ ይሁንላችሁ።

አባት ከሐዋሳ፣ ነሐሴ 21

ስለ ሙጫው ልጠይቅ። የምንገዛው ኮላ ቶሎ ያልቃል፤ ከዱቄት የሚሠራው እንዴት ነው? ይበላሻልስ?

የኬጂ መምህርት፣ ነሐሴ 21

አንድ ኩባያ የፉርኖ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ጓጓላ እስኪጠፋ ድረስ በጥብጡ። በድስት ሦስት ኩባያ ውሃ አፍሉና ብጥብጡን እያማሰላችሁ ጨምሩበት፤ ወፈር ብሎ ማብረቅረቅ ሲጀምር አውርዱት። አንድ ማንኪያ ጨው ከጨመራችሁበት ሻጋታ ያዘገያል፤ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል፣ ሽታው ከተለወጠ ግን ይጣል። ለወረቀትና ለካርቶን በጣም ጥሩ ነው፤ ለፕላስቲክ አይሆንም። ቀጭን ወረቀት ላይ ብዙ ከተቀባ ወረቀቱ ስለሚጨማደድ ልጆቹ በጣት ጫፍ እንዲቀቡት አስተምሯቸው።

የአደይ እናት (ገርጂ)፣ ነሐሴ 22

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ዕቅዴ በእናንተ ምክር ተስተካክሏል።

ምስር ክኩን ለትልልቆቹ ጠረጴዛ ብቻ አድርጌዋለሁ፤ ለትንንሾቹ አበባ መሀሉ የተጨማደደ ብርቱካንማ ወረቀት ይሆናል። የጨው ሊጡን ከነገ ጀምረን እንሠራዋለን። ስዕሉ የመዳፍ አበባ ይሆናል፤ መልአክ መሣል የሚፈልግ ልጅ የተለየ ወረቀት ያገኛል፣ የጀሞዋ እህቴም ልጆቿን ያለ ስጋት ትላክልን። የእርዱን ቀለም ለውጥ ትልቋ ልጄ እንድትመራው ሰጥቻታለሁ፤ ከአሁኑ ሎሚና ሳሙና ደብቃ ለታናሿ ምስጢሩን አልነግርም ብላለች።

ገንዘቡን በተመለከተ ከሠዓሊው ወንድሜ ሐሳብ ተስማምተን ለጎረቤቶቻችን አስቀድመን ነገርናቸው፤ ልጆቹ ሲመጡ ስዕሉን አይተው አንድ ነገር እንዲጠይቋቸው፣ ሳንቲም መስጠት የፈለገ ከዚያ በኋላ እንዲሰጥ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እማማ በራቸው ላይ የልብስ መቆንጠጫ ያለበት ገመድ ዘርግተው ስዕሎቹን ሁሉ እሰቅላለሁ ብለዋል፤ ይህን ስሰማ ከልጆቹ ይልቅ እኔ ተደሰትኩ።

የቀረኝ ምግቡ ነው። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ ኬኩ የጾም ይሆናል፤ ካልሆነም ድፎ ዳቦው፣ ቆሎውና ፈንዲሻው አይቀርም። ፈንዲሻውን ልጆቹ ራሳቸው በሚጠቀልሉት የወረቀት ቀንድ ውስጥ እናድላለን። የ13 ወሩን ቀን መቁጠሪያ የምትሠሩበትን የክቡን ስፋት የሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ብትነግሪኝ ካርቶኑን ዛሬ ማታ እቆርጣለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት (ሜሪላንድ)፣ ነሐሴ 22

የእንጀራ ሰፌድ ካለሽ ዙሪያውን በእርሳስ ክበቢው፤ የወሮቹን ስም ልጆቹ በትልቁ ለመጻፍ ቦታ ያገኛሉ። መስመሮቹን ግን ከመሀል ወደ ዳር በማስመሪያ አንቺ አውጪላቸው፤ የጳጉሜዋን ቀጭን ክፍል ደግሞ ባለልደቷ ቀለም ትቀባት።